አዲሱ ስሪት ያልከፈተልን ፋይል

ሰኔ 1 ቀን 1996 ዓ.ም. ከጧቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ በጉለሌ ከሽሮ ሜዳ ገበያ ከፍ ብሎ በሚገኝ አንድ ፎቅ ቤት ጣራ ላይ ስድስት ተማሪዎች ተሰብስበን ነበር። የነበሩን መሣሪያዎች አንድ አሮጌ ባይኖኩላር፣ አንድ ነጭ ካርቶንና በብዙ ልመና የተገኘ ዲጂታል ካሜራ ብቻ ናቸው። የባይኖኩላሩን አንዱን ዓይን ሸፍነን ሌላውን ወደ ፀሐይ በማዞር የፀሐይን ምስል በካርቶኑ ላይ አሳረፍነው። ፀሐይን በባይኖኩላር በቀጥታ የሚመለከት ሰው ዓይኑን ሊያጣ እንደሚችል የሚያውቅ አንባቢ ካርቶኑ ለምን እንዳስፈለገ አይጠፋውም። ጥቂት ቆይቶ በብሩሁ ክብ ጠርዝ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቅ አለች። በአገራችን የአጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስ በምድርና በፀሐይ መካከል ማለፍ ጀምራ ነበር። ጉዞዋን ለመፈጸም ስድስት ሰዓት ያህል ወሰደባት፤ እኛም ደመናው በፈቀደ ቁጥር ፎቶግራፍ እያነሣን አብረናት ዋልን።

ይህ ክስተት በ2004 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ተደግሟል። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው በ2110 ዓ.ም. ነው። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ተማሪዎች መካከል ቀጣዩን የሚያይ ቢኖር የረጅም ዕድሜ ባለጸጋ መሆን ይኖርበታል። እንግዲህ በዚያ ዕለት የተነሡት ሥዕሎች እንደገና ሊነሡ የማይችሉ ናቸው። ከሥዕሎቹ ያላነሰ ዋጋ ያለው ደግሞ እያንዳንዱ ሥዕል የተነሣበት ሰዓት ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1761 እና በ1769 ይህንኑ ክስተት ለማየት ባሕር አቋርጠው የተጓዙት ከተለያዩ የምድር ክፍሎች ሰዓቱን መዝግበው የፀሐይን ርቀት ለማስላት ነበር። ሰዓቱ የጠፋ የቬነስ ሥዕል ማለት ክብ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ነጥብ ማለት ነው።

ሥዕሎቹን በወቅቱ በእጃችን በነበረ የምስል ማቀናበሪያ ሶፍትዌር አማካይነት በአንድ ፋይል ውስጥ በየሌየሩ ደርድረን፣ ከእያንዳንዳቸው ሥር የተነሡበትን ሰዓት ጻፍን። በወጣትነት ስሜት ተነሣሥተንም ሰዓቱን በግዕዝ አኃዝ አደረግነው። የካሜራው የማስታወሻ ካርድ ለባለቤቱ መመለስ ስለ ነበረበትና የኮምፒውተሩም ዲስክ ስለ ሞላ መጀመሪያ የተነሡትን ፎቶግራፎች አጠፋናቸው። ባይጠፉም ኖሮ ስለ ሰዓቱ ብዙ አይረዱንም ነበር፤ የዚያ ካሜራ ሰዓት ተስተካክሎ አያውቅም። ሁሉም ነገር በዚያ በአንዱ ፋይል ውስጥ አለ ብለን ተማመንን። እኔም ፋይሉን ከዲስኬት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ እያዘዋወርሁ፣ ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ጀርመን ስሄድም ይዤው ሄጄ፣ ስመለስም ይዤው ተመለስሁ።

በ2017 ዓ.ም. ለኦፕቲክስ ተማሪዎቼ ላሳየው አሰብሁና ቅጂውን በዚያው ሶፍትዌር የቅርብ ጊዜ ስሪት ከፈትሁት። አንድ መልእክት ብቅ አለ፤ በፋይሉ ውስጥ ያሉት ፎንቶች ስላልተገኙ በሌላ ይተካሉ፣ ይስማማሉ ወይ ይላል። እሺ አልሁ። እሺ ማለት የለመደብን ስለሆነ ብዙ ጊዜ መልእክቱን አንብበን አንጨርሰውም። ወዲያውም ከሥዕሎቹ ሥር የነበረው ጽሑፍ ሁሉ የላቲን ፊደላት፣ የቅንፍና የጥያቄ ምልክቶች ድብልቅልቅ ሆነ። የግዕዙ አኃዝ የለም። ቬነስ አለች፤ ሰዓቷ ግን ጠፍቷል።

ምን እንደ ተፈጠረ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. አማርኛን ወደ ኮምፒውተር ያስገቡልን ባለሙያዎች ያጋጠማቸው ችግር በሒሳብ ሲታይ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ፊደል የሚሰጠው 8 ቢት ነበር፤ 8 ቢት ደግሞ 256 ቦታዎች ማለት ነው። ከእነዚህም የመጀመሪያዎቹ 32 ለመቆጣጠሪያ ትእዛዞች የተያዙ ናቸው። የእኛ ፊደል 33 ሲባዛ በ7፣ ማለትም 231 ሲሆን፣ በዚያ ላይ እነ ሏ፣ ሟ፣ ቋ የመሳሰሉት ዲቃላዎች፣ 20ው የግዕዝ አኃዝና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ከቦታው በላይ ይሆናል። ስለዚህ ከፊሎቹ ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ የፎንት ፋይሎች ከፋፈሉት፤ ከፊሎቹም ፊደሉን ከቁርጥራጭ እየገጣጠሙ ሠሩት። በሁሉም ዘዴ ግን ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል መጻፉን ብቻ ነበር። ለእርሱ የላቲን ፊደል የሆነው ነገር ለእኛ ፎንቱ ባለበት ጊዜ ሁሉ አማርኛ ሆኖ ይታየናል። ፎንቱ ሲጠፋ ግን ማሽኑ ድሮም ሲያስበው የነበረውን ነገር አውጥቶ ያሳየናል። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ኩባንያ ፊደሉን የደረደረው በራሱ ቅደም ተከተል ስለ ነበር በአንዱ ፎንት የተጻፈው በሌላው አይነበብም።

ይህን የምለው እነ ፓወር ግዕዝንና እነ ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉትን ሥራዎች ለማቃለል አይደለም። የዚያ ዘመን ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋችንን በአማርኛ ርእስ ያስጌጥነው፣ መሥሪያ ቤቶችም ደብዳቤያቸውን በኮምፒውተር የጻፉት በእነርሱ ነው። መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ መጣ። በዚያ ስሪት ለግዕዝ ፊደል 384 ቦታዎች ያሉት የራሱ ክልል ተሰጠው። ሀ ቁጥሯ 4608፣ ለ 4616፣ ሐ ደግሞ 4624 ሆኑ፤ ለእያንዳንዱ ረድፍ 8 ቦታ ስለ ተመደበ ቁጥሮቹ በስምንት በስምንት ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሽያጭ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የዩኒኮድ ፎንት ይዞ ሲመጣ አማርኛ ለማንበብ ተጨማሪ ነገር መጫን ቀረ። ይሁን እንጂ ዩኒኮድ ከእርሱ በፊት የተጻፈውን በራሱ አይለውጥም። ለእያንዳንዱ የድሮ ፎንት የራሱ የመለወጫ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል፤ በቃል ማቀናበሪያ ለተጻፈ ጽሑፍ እንዲህ ያለው መለወጫ ሊገኝ ይችላል፣ በምስል ፋይል ሌየር ውስጥ ለተቀበረ ጽሑፍ ግን ማን ያስታውሰዋል?

ከጉለሌ ነዋሪዎች መካከል ይህን ችግር ከኔ በተሻለ የሚያውቀው የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቅ ሳይሆን የፎቶግራፍ ቤት ሠራተኛ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ለሠርግ ካርድ፣ ለምርቃት ባነርና ለሙት ዓመት መታሰቢያ ሰው አይታጣባትም። ፍላሼን ይዤ ሄድሁ። ልጁ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉት፤ አንዱ አዲስ ነው፣ ሌላው ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ ቀለሙ ወደ ቢጫነት የተለወጠ፣ ሲነሣ እንደ ወፍጮ የሚጮኽ ነው። ወደ አሮጌው አመራ።

«ጋሼ፣ ይቺን ከኢንተርኔት ጋር አላገናኛትም» አለኝ። «ከተገናኘች ራሷን ታድሳለች፤ ከታደሰች ደግሞ የአሥር ዓመት ሥራዬ አብሮ ይሄዳል።»

«ታዲያ አዲሱን ለምን ገዛህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ደንበኛው በስልክ የሚያመጣውን ፎቶ አሮጌዋ አትችለውማ! በአዲሱ ቆርጬ አስተካክላለሁ፣ ጽሑፉን በአሮጌዋ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ጽሑፉን ወደ ምስል ለውጬ መልሼ ወደ አዲሱ እወስደዋለሁ።»

ይህ ዘዴ በየማተሚያ ቤቱ የታወቀ ነው። ጽሑፉ ወደ ምስል ወይም ወደ መስመር ቅርጽ ከተለወጠ በኋላ ፎንት አይፈልግምና የትም ቢከፈት አይበላሽም። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ ከዚያ በኋላ አንድ ፊደል ማረም አይቻልም። የሙሽራዋ ስም አንድ ፊደል ቢሳሳት ካርዱ እንደገና ከመጀመሪያው ይሠራል። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ስንት ጊዜ እንደ ደረሰበት ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለው አባባል በዚያች ፎቶ ቤት ተግባራዊ የአሠራር መመሪያ ሆኗል።

አሮጌዋ ኮምፒውተር ፋይሌን ከፈተችው። ከ12ቱ ሥዕሎች የ11ዱ ሰዓት በግዕዝ አኃዝ ቁልጭ ብሎ ታየ። ስለ 12ኛው በኋላ እመለስበታለሁ።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ስለ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ሲበላሽ ቢያንስ መበላሸቱ ይታያል። እኔን እንደ ፊዚክስ መምህር ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ሳይታይ የሚለወጠው ነገር ነው። ከላቦራቶሪ ትምህርታችን አንዱ የሌዘር ብርሃን በጠባብ ስንጥቅ ሲያልፍ በግድግዳ ላይ የሚፈጥረውን ብሩህና ጥቁር መስመር ፎቶ አንሥቶ፣ የብርሃኑን መጠን ከምስሉ ላይ መለካት ነው። በንድፈ ሐሳቡ መሠረት ከመሐለኛው ብሩህ መስመር ቀጥሎ በጎን የሚታየው የመጀመሪያው ብሩህ መስመር የመሐለኛውን 4.7 በመቶ ያህል ብርሃን ይኖረዋል። ይሁን እንጂ ካሜራው በተለመደው የምስል ፋይል ውስጥ የሚጽፈው ቁጥር ከብርሃኑ መጠን ጋር ቀጥተኛ ተመጣጣኝ አይደለም። ዓይናችን በጨለማው በኩል ያለውን ልዩነት በብርሃኑ በኩል ካለው ይልቅ አጥርቶ ስለሚለይ ቁጥሮቹ ጋማ በሚባለው ሕግ ተጨምቀው ይቀመጣሉ። ከ255 ውስጥ 128 የተባለ ፒክስል የሚወክለው ግማሽ ብርሃን ይመስላል፤ በእውነቱ 22 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪው ቁጥሩን እንዳለ ቢያነብ የጎኑን መስመር 4.7 በመቶ በማለት ፈንታ 25 በመቶ ያህል ነው ይላል። ይህንን ለማረም ቁጥሮቹን ወደ 2.2 ኃይል የሚያነሣ አነስተኛ ፕለጊን ነበረን፤ በመመሪያውም ላይ ተጽፏል።

የላቦራቶሪው ኮምፒውተሮች በሴሚስተሩ መካከል ታደሱ። የሶፍትዌሩ አዲስ ስሪት የድሮውን ፕለጊን አልቀበል አለ፤ ተማሪዎቹም መመሪያውን ተከትለው ስሌቱን በካልኩሌተር ሠሩት። ያላወቅነው ነገር አዲሱ ስሪት ምስሉን ሲከፍት ራሱ ወደ ቀጥተኛው የብርሃን መጠን እንዲለውጥ ተስተካክሎ መጫኑን ነበር። የታረመው ነገር እንደገና ታረመ። ውጤቱም 4.7 መሆኑ ቀርቶ 0.1 በመቶ ገደማ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስሁ። በዚያ ሳምንት ልምምዱን የሠሩት አራት ቡድኖች ናቸው። ሦስቱ 4.7 ጽፈው አስረከቡኝ። አራተኛዋ ቡድን ያስረከበችው 0.1 ነው። የቡድኑ ተጠሪ የሆነች ተማሪ ቢሮዬ መጥታ «ዶክተር፣ ሦስት ጊዜ ደገምነው፣ ያው ነው። ምን እንዳጠፋን አላወቅንም» አለችኝ። ምንም አላጠፉም ነበር። ከእነዚያ ማሽኖች ላይ በዚያ ሳምንት 4.7 ሊገኝ አይችልም፤ ሦስቱ ቡድኖች ቁጥሩን ያገኙት ከመጽሐፍ ወይም ካለፈው ዓመት ሪፖርት ነበር። ሶፍትዌሩ ሳያስበው ፈተና አወጣልን፤ እውነቱን ለመናገር ከተማሪዎቹ ይልቅ የወደቅሁት እኔ ነኝ። ማሽኑ ሲታደስ መመሪያውን አላደስሁም፣ ለዓመታትም 4.7 ያለውን ሪፖርት ሁሉ ደስ እያለኝ ሙሉ ማርክ ስሰጥ ኖሬያለሁ። ከእነዚያ ውስጥ ስንቶቹ በእርግጥ እንደ ተለኩ ከዚያ ሳምንት ወዲህ እየጠየቅሁ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አዲሱ ስሪት ከአሮጌው ይበልጥ ትክክል መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የብርሃንን ስሌት በቀጥተኛው መጠን መሥራት የፊዚክሱ ሕግ ነው። በነፃ የሚሰራጨው ጊምፕ የተባለው ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2018 ስሪት 2.10 ሲወጣ በርካታ ተግባራቱን ወደዚህ ስሌት አዛውሯል። ልዩነቱን ለማየት የሚፈልግ ተማሪ ጥቁርና ነጭ እኩል ቢደባለቅ ምን እንደሚሆን ያስብ፤ በድሮው ስሌት መካከለኛው ቁጥር 128 ሲሆን በቀጥተኛው ብርሃን ስሌት 188 ይሆናል። ጥቁርና ነጭ ደቃቅ ዳማ ሰሌዳ በሩቅ ሆኖ ሲታይ ዓይናችን የሚመሰክረው ለሁለተኛው ነው። አዘጋጆቹም አሮጌ ሥራ እንዳይበላሽ የቀድሞውን የማደባለቂያ ስሌት ለብቻው ትተውታል፤ ይህ የሚያስመሰግናቸው ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ስሪት 3.0 ሲወጣ ለ2.10 የተጻፉት ፕለጊኖች እንደገና ካልተጻፉ የማይሠሩ ሆነዋል፤ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ትውልድ መሸጋገሩ አንዱ ምክንያት ነው። ለውጦቹ ሁሉ ከስሪቱ ጋር በሚወጣው ማስታወሻ ላይ ይጻፋሉ። ያንን ማስታወሻ የሚያነብ ግን በመቶ አንድ ሰው ቢገኝ ይገርመኛል።

የገንዘቡን ነገር ባጭሩ ልንካው። ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 የመጀመሪያው ስሪት ከወጣ ጀምሮ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለሁልጊዜ የሚሠራ ዕቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሲኤስ 6 የዚያ ዓይነቱ የመጨረሻ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አምራቹ አዶቢ አዳዲሶቹን ስሪቶች በየወሩ ወይም በየዓመቱ በሚከፈል ኪራይ ብቻ ማቅረብ ጀመረ። በአገራችን በውጭ ምንዛሪ ኪራይ መክፈል ለተማሪ ቀርቶ ለመምህርም የማይታሰብ ስለሆነ ብዙዎቻችን ወይ በአሮጌው ስሪት ቆመናል፣ ወይ መቆለፊያው የተሰበረ ቅጂ እንጠቀማለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ እንደሚጠብቅ የምናውቅ መምህራን በተሰበረ ቅጂ እያስተማርን ስለ ሳይንሳዊ ሥነ ምግባር ስንናገር ተማሪዎቻችን አይታዘቡንም ብለን ማሰባችን የዋህነት ነው። እኔም በውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ በዩኒቨርሲቲ ፈቃድ የምጠቀምበት ሶፍትዌር ነበረኝ። የተመረቅሁ ዕለት ፈቃዱም አብሮኝ ተመረቀ፤ የአራት ዓመት ሥዕሎቼ እጄ ላይ ነበሩ፣ የሚከፍታቸው ግን አልነበረም።

ይህ ሁሉ የግድ ነው የሚል ሰው ወደ እንጦጦ ቀና ብሎ ይመልከት። በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። የዚህ ዓይነት ቴሌስኮፖች ምስል የሚቀመጥበት ፊትስ የተባለው የፋይል ዓይነት ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። የፋይሉ መግቢያ ማንም በዓይኑ ሊያነበው በሚችል ተራ ጽሑፍ፣ በ80 በ80 ፊደል መስመሮች የተጻፈ ሲሆን የተነሣበትን ቀን፣ ሰዓትና የመሣሪያውን ሁኔታ ይዘረዝራል። 80 የሆነበት ምክንያት የፓንች ካርድ ስፋት ስለ ነበር ነው፤ ካርዱ ጠፍቷል፣ ልኩ ግን አለ። ፊትስ ሲሻሻል የሚጠበቅ አንድ ደንብ አለ፤ ማንኛውም ማሻሻያ ከዚያ በፊት በትክክል የተጻፈን ፋይል ዋጋ ሊያሳጣ አይችልም። በዚህም የተነሣ እኔ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ሕፃን ሳለሁ የተቀመጠ የኮከብ ምስል ዛሬ በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም ይከፈታል። የቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የብራና መጻሕፍቱን በዲጂታል ሲያስቀምጥ የመረጠው ይህንኑ የከዋክብት ተመራማሪዎችን ፋይል ነው። በዚያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የግዕዝ ብራናዎችም መኖራቸውን ሳስብ አንድ ነገር ያስቀኛል፤ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የጻፈው ደብተራ ስለ ፎንት አንድ ቀን አልተጨነቀም።

ብራናም ይቃጠላል፣ አይጥም ይበላዋል፤ ወደ ኋላ እንመለስ የሚል ሐሳብ የለኝም። አሮጌውን ስሪት ሙጥኝ ማለትንም አልመክርም፤ የጥገና ድጋፉ ያበቃ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ጋር ቢገናኝ ለቫይረስ የተከፈተ በር ነው፣ የፎቶ ቤቱ ልጅ ገመዱን መንቀሉ አስተዋይነት ነው። የምቃወመው የሴሚስተሩ ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ላቦራቶሪ የሚታደስበትን አሠራር ነው። እንዲሁም የላቦራቶሪ ሪፖርት የቴርሞሜትሩን ስም ጽፎ የሶፍትዌሩን ስሪት ቁጥር የማይጽፍበትን ልማድ እቃወማለሁ። ሶፍትዌሩም መለኪያ መሣሪያ ነው፤ ከዘንድሮ ጀምሮ በኔ ክፍል የስሪት ቁጥር የሌለበት ሪፖርት ይመለሳል፣ ማንም አይቀየመኝ። ካሜራው የሰጠው ፋይል ሳይነካ ተቀምጦ ሥራው በቅጂው ላይ ብቻ እንዲሠራ፣ የተነሣበት ሰዓትም በሥዕሉ ላይ ከመጻፉ ሌላ ከጎኑ በተራ የጽሑፍ ፋይል እንዲመዘገብ እጠይቃለሁ። ፋኩልቲያችን ደግሞ ለማስተማሪያ ጊምፕንና ኢሜጅጄን የመሳሰሉትን በነፃ የሚገኙ ሶፍትዌሮች ቢይዝ ከስርቆቱም ከኪራዩም እንገላገላለን። ኢሜጅጄ ለሳይንሳዊ ምስል መለኪያ ተብሎ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የተሠራ ነው፤ ለሌዘሩ ልምምድ ከማንኛውም የፎቶ ማሳመሪያ ይሻላል፣ እኔም ዘግይቼ ነው የተመለስሁበት። በነፃ የሚገኘውም ቢሆን ሲታደስ እንደሚያስቸግር ከላይ አይተናል። ልዩነቱ የድሮው ስሪት ሳይከለከል ከነምንጩ መገኘቱ ነው፤ ስንፈልግ ወደ እርሱ እንመለሳለን፣ የሚያግደን የለም።

የ12ኛውን ሥዕል ነገር ልጨርስ። ያንን የጻፈው ጓደኛችን በራሱ ኮምፒውተር፣ በሌላ ኩባንያ ፎንት ስለ ነበር በፎቶ ቤቱ አሮጌ ማሽን ላይ እንኳ የላቲን ፊደልና የቅንፍ ምልክት ሆኖ ቀረ። ጓደኛችን ዛሬ ካለበት አገር ስጠይቀው ካርቶኑን ማን ይዞ እንደ ነበረ እንጂ ሰዓቱን አያስታውስም። ያችው 0.1 ያስረከበችው ተማሪ ነገሩን ስነግራት «ሰዓቱን ከቬነስ ራሷ ለምን አንጠይቃትም?» አለች። ከሥዕሉ በፊት ያለው በሦስት ሰዓት፣ ከእርሱ በኋላ ያለው በአራት ሰዓት የተነሣ ነው። በፎቶዎቻችን ላይ የፀሐይ ክብ 600 ፒክስል ያህል ስፋት አለው። ባይኖኩላሩን በእጃችን ስለ ያዝነው የምስሉ አቅጣጫ ከሥዕል ሥዕል ይዞራል፤ ነጥቧ ከክቡ መሐል ያላት ርቀት ግን ምስሉ ቢዞርም አይለወጥም። ተማሪዋ ለካችው፤ በሦስት ሰዓቱ ሥዕል 260 ፒክስል ያህል፣ በአራት ሰዓቱ 220 ያህል፣ በመካከለኛው ደግሞ 233 ሆነ። ከ40ው ፒክስል 27ቱ ተጉዟል ማለት ነው፤ ከሰዓቱ ሁለት ሦስተኛው አልፏል። ሦስት ሰዓት ከ፵። በተራ የጽሑፍ ፋይል ጽፋ ከሥዕሉ ጎን አስቀመጠችው፤ ከሥሩም የተጠቀመችበትን ሶፍትዌር የስሪት ቁጥር ጨመረች።